ቴስተሩ ነው የሚዋሸው ወይስ ጠምጣሚው?

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት አለኝ። የወፍጮው ሞተር 10 የፈረስ ጉልበት ነው፤ 7.5 ኪሎ ዋት፣ 400 ቮልት ዴልታ ይላል። ተቃጥሎብኝ ደሴ ወስጄ አስጠመጠምኩት። ጠምጣሚው ሲያስረክበኝ ‹ሦስቱም ፌዝ እኩል 1.5 ኦም ነው› አለኝ። አምጥቼ በራሴ ቴስተር ስለካው ግን 1.7፣ 2.2 እና 1.9 ሆነ። ከሰዓት ደግሜ ስለካው ቁጥሮቹ ተቀያየሩ፤ ቅድም ትልቅ ያነበበው አነሰ፣ ትንሹ አደገ። የጎረቤቴ ቴስተር ደግሞ 1.0 አለ። ‹ከደሴ ብርድ ወደ ቆላ ስለወረደ ነው› የሚሉኝም አሉ። ከቦዲ ጋር ስለካ ቴስተሩ ምንም አያነብም፤ በተዋስኩት ሜገር ግን ጠዋት 2 ሜጋ ኦም፣ ከሰዓት 40 ሜጋ ኦም ሆነብኝ። ቴስተሬን ልጣለው? ወይስ ሞተሩን ጭኜ ጠምጣሚው ጋ ልመለስ?»

ሁለቱንም አያድርጉ፤ ሞተሩንም ገና አያስነሱ። የላኩልኝ ቁጥሮች የሁለት የተለያዩ ነገሮች ልኬት ናቸው። በኦም የሚነበበው የመዳቡ ሬዚስታንስ ነው፤ በሜገር፣ ማለትም ከፍ ያለ ቮልት በሚሰጠው መለኪያ፣ በሜጋ ኦም የሚነበበው ደግሞ መዳቡን ከብረቱ የሚለየው የኢንሱሌሽኑ ነው። የሚያዛባቸው ነገር የተለያየ ነው። ሙቀት ሲጨምር እንኳ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አንድ ምክንያት ለሁለቱም አይፈልጉ።

ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «ቅድም ትልቅ ያነበበው አነሰ» የሚለው ነው። ጠምጣሚው በአንዱ ፌዝ ላይ ዙር አብዝቶ ወይም ቀጭን ሽቦ ቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ያ ፌዝ ጠዋትም ማታም፣ በእርስዎም በጎረቤትዎም ቴስተር ከሌሎቹ በልጦ በተገኘ ነበር። የመዳብ ስህተት ቦታውን አይቀይርም። እርስዎ ያዩት ልዩነት ግን ከፌዝ ወደ ፌዝ ይዞራል። የሚዞር ልዩነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ፣ በመለኪያውና በእጅ መካከል ነው የሚገኘው።

ቴስተር ኦም ላይ ሲሆን ምን እንደሚሠራ እንይ። ሬዚስታንስን በቀጥታ የሚያይበት መንገድ የለውም። ከራሱ ድንጋይ ትንሽ ከረንት ይልካል፤ በ200 ኦም መስመር ላይ ብዙዎቹ 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚልኩት። ከዚያ በራሱ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ስንት ቮልት እንደወደቀ አይቶ ያካፍላል። የእርስዎ ሞተር አንድ ፌዝ 1.4 ኦም ነው እንበል። በ1 ሚሊ አምፒር የሚወድቀው 1.4 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ እጅግ ትንሽ። በዚያ ላይ የሁለቱ ቀይና ጥቁር ሽቦዎች፣ ሽቦዎቹ ቴስተሩ ላይ የሚሰኩበት ጫፍ፣ የመምረጫው ማዞሪያ ውስጣዊ ንክኪ፣ እንዲሁም የመርፌዋ ጫፍ ነሐሱን የነካችበት ነጥብ ሁሉ ይደመራል። ቴስተሩ የቱ የሞተሩ፣ የቱ የሽቦው እንደሆነ አይለይም፤ ድምሩን ነው የሚያሳይዎት።

ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አጥብቀው ያገናኙና ያንብቡ። ዜሮ አይልም። ደህና የሆነ ሽቦ 0.1 ወይም 0.2 ይላል፤ ያረጀው 0.5 እና ከዚያ በላይ ሊል ይችላል። ያ ቁጥር ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ የሚቀነስ ነው። አሁን ሽቦዎቹን በተለይ ከመሰኪያው አንገት አጠገብ እያጠፉ እያወዛወዙ ይመልከቱ። ቁጥሩ ከዘለለ ቴስተሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው የሚጥሉት። እኔ ራሴ በዚህ ተዋርጃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሞተር ደሴ አስጠምጥሜ ወደ ኮምቦልቻ ካመጣሁ በኋላ እንዳልተስተካከለ እርግጠኛ ሆኜ የሐረጎን ዳገት ተመልሼ ወጣሁ፤ ጠምጣሚውንም በሰው ፊት ተናገርኩት። እሱ ዝም ብሎ የኔን ጥቁር ሽቦ ይዞ ጎተት ሲያደርገው ከፕላስቲኩ ውስጥ ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተው ተገኘ። ሻይ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የቴስተሩ ትክክለኛነት ነው። በርካሽ ዲጂታል ቴስተሮች መመሪያ ላይ ለ200 ኦም መስመር «ከመቶ 0.8፣ ሲደመር 3 ዲጂት» የሚል ዓይነት ነገር ተጽፎ ያገኛሉ። ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ «መቶኛው ከአንድ በታች ነው፣ ጎበዝ ቴስተር ነው» ይላል። መዘዙ ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። በዚያ መስመር ላይ የመጨረሻዋ ዲጂት 0.1 ኦም ናት፤ ሦስት ዲጂት ማለት 0.3 ኦም ማለት ነው። 150 ኦም ሲለኩ 0.3 ምንም አይደለም። 1.4 ኦም ሲለኩ ግን ከ20 በመቶ በላይ ነው! ማለትም ጤነኛ የሆነ፣ ከፋብሪካ የወጣ ቴስተር 1.4ን 1.1 ብሎም 1.7 ብሎም ቢያነብ ሕጉን አልጣሰም። የእርስዎ ቴስተር አልተበላሸም ይሆናል፤ ያለ ቦታው ነው የተጠየቀው። የእህል ሚዛን ላይ ቁንዶ በርበሬ እንደ መመዘን ነው።

ሦስተኛውና በልምድ አብዛኛውን ጣጣ የሚያመጣው ንክኪው ነው። አዲስ የተጠመጠመ ሞተር ተርሚናል ቦክሱ (ካቮዎቹ የሚታሠሩበት ሣጥን) ውስጥ ቫርኒሽ ይንጠባጠብበታል። የመዳቡ ሽቦ ራሱ በስስ ኤናሜል የተለበጠ ነው፤ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተፋቀ መርፌዎ መዳቡን ሳይሆን ልባሱን ነው የምትነካው። ዳዶው ላይ ሲለኩና ሽቦው የታሠረበት ብሎን ላይ ሲለኩ ቁጥሩ ይለያያል፤ በመካከላቸው ዝገት ያለበት ሮንዴላ ሊኖር ይችላልና። እጅዎ መርፌዋን ሲጫን 1.6፣ ሲላላ 2.1 ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ብሎኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ ዳዶዎቹን ያጥብቁ፣ በመርፌ ከመውጋት ይልቅ እንደ አዞ አፍ በሚነክስ መያዣ ይያዙ። «ሁለቱንም ጫፍ በጣቴ ስለያዝኩ ይሆን?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። የሰው ገላ ብዙ ሺህ ኦም ስለሆነ 1.4 ኦም አጠገብ አይታይም። ኪሎ ኦምና ሜጋ ኦም ሲለኩ ግን ጣት ንባብ ያበላሻል፤ እዚያ ይጠንቀቁ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የቴስተሩ ድንጋይ ሲደክም የባትሪ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ያን ምልክት እያዩ ያነበቡትን ቁጥር በሙሉ ይሰርዙት። ሌላው፣ ቴስተሩ ኦም ላይ እያለ በስህተት መብራት ያለበት ቦታ ተነክቶ ያውቃል? አንዳንድ ቴስተሮች ውስጥ ራሳቸውን የሚከላከሉበት፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚያድግ ክፍል አለ፤ እስኪበርድ ድረስ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። እንዲህ ያለ መከላከያ የሌለው ርካሽ ቴስተር ደግሞ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም የኦም ልኬት በፊት ብሬከሩን አጥፍተው፣ መጥፋቱን በቮልት መስመር አረጋግጠው፣ የሞተሩን ካቮዎች ከማስነሻው ይንቀሉ። ካልነቀሉ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የተያያዘውን ሁሉ ነው የሚለኩት።

አሁን ወደ ብርዱ። የነገሩዎት ሰዎች መሠረት አላቸው፣ መጠኑን ግን አላሰሉትም። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 234.5 ላይ አዲሱን ሙቀት ደምረው፣ 234.5 ላይ አሮጌውን ሙቀት ደምረው፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር በ12 ዲግሪ ያደረ ሞተር ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ቢደርስ 262.5 ለ246.5 ነው፤ ጭማሪው 6.5 በመቶ። በ1.4 ኦም ላይ 0.09 ማለት ነው፤ ቴስተርዎ ላይ አንዲት የመጨረሻ ዲጂት። ደግሞም ሙቀት ሦስቱንም ፌዝ እኩል ነው የሚያሳድገው፤ አንዱን 1.7፣ ሌላውን 2.2 አያደርግም። ብርዱ ተከሳሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ የጠምጣሚው 1.5 ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ቫርኒሹ ከደረቀበት ምድጃ ገና በወጣ በ45 ዲግሪ ሞተር ላይ 1.5 ያነበበ ሰው፣ ያንኑ ሞተር 20 ዲግሪ ላይ ቢለካው 1.37 ያገኛል። ስለዚህ እሱ እውነቱን ተናግሮ፣ እርስዎም እውነቱን አንብበው ቁጥራችሁ ሊለያይ ይችላል። የኦም ቁጥር ያለ ሙቀቱ ግማሽ ቁጥር ነው። አየሩን ሳይሆን የሞተሩን ብረት ሙቀት ይጻፉ፤ ይህን የሚያህል ብረት የአየሩን ሙቀት ለመያዝ ሰዓታት ይፈጅበታል።

የጎረቤትዎ 1.0 ደግሞ ጨርሶ ስህተት አይመስለኝም። ተርሚናል ቦክሱ ውስጥ ስድስት ብሎኖች አሉ፤ የሦስቱ ፌዞች መነሻ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብሊው1፣ መድረሻቸው ዩ2፣ ቪ2፣ ደብሊው2 ይባላል። ዴልታ ሲሆን፣ ማለትም ሦስቱ ፌዞች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ቀለበት ሲሠሩ፣ ሦስት ማገናኛ ብረቶች ከላይ ወደ ታች ያያይዟቸዋል። ማገናኛዎቹ ሳይፈቱ በሁለት ብሎን መካከል ቢለካ አንዱ ፌዝ ብቻውን አይነበብም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ተከታትለው በጎን ይገቡለታል። ውጤቱ የአንዱ ፌዝ ሁለት ሦስተኛ ነው። የ1.4 ሁለት ሦስተኛ 0.93 ነው፤ 0.1 የሽቦ ጨምሩበት፣ 1.0 ሆነ። እርስዎ ፈትተው ለክተዋል፣ ጎረቤትዎ ሳይፈታ ለክቷል፤ ግምቴ ይህ ነው። ስታር ቢሆን፣ ማለትም የሦስቱ ፌዝ አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ ቢታሠር፣ ደግሞ በሁለት ብሎን መካከል የሚነበበው የአንዱ ፌዝ እጥፍ ነው። አንድ ሞተር፣ ሦስት ዓይነት ቁጥር፣ ሦስቱም ትክክል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከ5 ኦም በታች የሆነን ነገር በቴስተር የኦም መስመር መለካት ይተዉ። ለዚህ ሥራ በአራት ሽቦ የሚለካ ሚሊ ኦም ሜትር አለ፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከረንት ይልካሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቮልቱን ብቻ ከራሱ ከሚለካው ነገር ላይ ያነባሉ። በዚህ አሠራር የሽቦውና የንክኪው ሬዚስታንስ ከጨዋታ ይወጣል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ለአንድ ወፍጮ ቤት ግዙ አልልም። ያንኑ አሠራር በመኪና ባትሪና በአንድ አምፖል መሥራት ይቻላል፤ ያለዎት ቴስተርም ለዚህ ይበቃል፣ ምክንያቱም ቮልት ሲለካ በጣም ጎበዝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማገናኛዎቹ በዴልታ አቀማመጥ እንዳሉ ሆነው አንዱን ብቻ ይፍቱ፤ ዩ1ን ከደብሊው2 የሚያያይዘውን። ያኔ ዴልታው ተከፍቶ ሦስቱ ፌዞች እንደ ሰንሰለት ተከታትለው ይቆማሉ፤ ከዩ1 ገብቶ በደብሊው2 የሚወጣ አንድ መንገድ። ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያ ባለ 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል አድርገው ወደ ዩ1 ያስገቡ፤ ከደብሊው2 ወደ ኔጌቲቭ ይመልሱ። ሲያበሩት አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ 1.3 አምፒር አካባቢ ይሄዳል። ይህ በአንድ ፌዝ ውስጥ በሥራ ጊዜ ከሚያልፈው ወደ 9 አምፒር የሚጠጋ ከረንት በጣም ያነሰ ስለሆነ ሞተሩን አያሞቀውም። አሁን ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ከዩ1 እስከ ዩ2፣ ከቪ1 እስከ ቪ2፣ ከደብሊው1 እስከ ደብሊው2 ያንብቡ፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ይድገሙት፣ ባትሪው እየደከመ እንዳላታለለዎት ለማረጋገጥ።

የዚህ ውበቱ በሦስቱም ፌዝ የሚያልፈው ከረንት አንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለማወዳደር ከረንቱን ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። 1.82፣ 1.83፣ 1.81 ቮልት ካገኙ ሦስቱ እኩል ናቸው፣ ክርክሩ አለቀ። መርፌዋ በደንብ ባትነካም እንኳ ንባቡ አይዛባም፤ ቴስተሩ ቮልት ሲለካ የሚስበው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ንክኪው ላይ የሚወድቅ ቮልት የለም። የኦሙን ቁጥር ጭምር ከፈለጉ ሌላ ቴስተር በአምፒር መስመሩ ከሰንሰለቱ ጋር በተከታታይ ያስገቡና ቮልቱን ለአምፒሩ ያካፍሉ፤ 1.82 ለ1.3 ማለት 1.4 ኦም ነው። በነገራችን ላይ ያንን አምፖል ብቻውን በኦም መስመር ቢለኩት ከ1 ኦም በታች ይላል፤ ሲበራ ግን ወደ 7 ኦም ነው። ቀዝቃዛና የጋለ ክር አንድ አይደሉም። በዚህም ቴስተርን ውሸታም ያለ ሰው አውቃለሁ።

ሁለት ጥንቃቄ፣ ሁለቱም የምር ናቸው። ጥቅልሉ ከረንት ሲቋረጥበት እምቢ ብሎ ከፍ ያለ ቮልት ይተፋል፤ 12 ቮልት ነው ብለው ባዶ ሽቦ ይዘው ቢያላቅቁ እጅዎን ይመታዎታል፣ ቴስተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቴስተሩን መርፌዎች ያንሱ፣ ከዚያ በማጥፊያው ያጥፉ፣ በመጨረሻ ሽቦ ይንኩ። ሁለተኛ፣ ባትሪው ሲሞላ የቆየ ከሆነ ላዩ ላይ የሚቀጣጠል ጋዝ ይኖራል፤ ብልጭታ ሊፈጥር የሚችለውን ማገናኘት ከባትሪው ራቅ ብለው ያድርጉ። ፊውዙን «ምን ይሠራል» ብለው አይዝለሉት።

ውጤቱን እንዴት እንደሚያነቡ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 2 በመቶ ከሆነ ጠምጣሚው ሥራውን ሠርቷል። ከ3 በመቶ ካለፈ ግንኙነቶቹን አጽድተው ይድገሙት፤ አሁንም ያው ፌዝ ያንኑ ካለ የሞተሩ ነው። ለምሳሌ ሁለቱ 1.82 እና 1.83 ሆነው ሦስተኛው በተደጋጋሚ 1.70 ካለ ያ ፌዝ ከሌሎቹ ወደ 7 በመቶ ያንሳል፤ ዙር ጎድሎበታል፣ ወይም የተወሰነ ዙር እርስ በርሱ ተነካክቷል፣ ወይም ወፍራም ሽቦ ገብቶበታል። አንዱ በልጦ ከተገኘ ደግሞ በደንብ ያልተበየደ መጋጠሚያ ወይም በጎን ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ መበጠሱን ይጠርጥሩ።

ይህ ልኬት የማይነግርዎት ነገር ግን አለ። አንዲት ዙር ብቻ ከጎረቤቷ ጋር ብትነካካ ሬዚስታንሱ የሚለወጠው ከ1 በመቶ ባነሰ ስለሆነ አያዩትም፤ ሞተሩ ግን በዚያች ዙር ይቃጠላል። የአንድ ፌዝ መነሻና መድረሻ ተገልብጦ ቢወጣም ሬዚስታንሱ እኩል ነው፤ ሲያስነሱት ያጉረመርማል እንጂ። ስለዚህ ኦሙ እኩል ከሆነ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ቀበቶውን አውልቆ ባዶውን ማስነሳትና የሦስቱን መስመር ከረንት ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካ ክላምፕ ሜትር ማንበብ ነው። ይህን የሚያህል ሞተር በሙሉ ሥራ 15 አምፒር ገደማ ይወስዳል፤ ባዶውን ሲዞር ከ5 እስከ 7 አምፒር ቢል አይገርመኝም። ሦስቱ ከተቀራረቡ ጥሩ። አንዱ ጎልቶ ከበለጠ፣ አጥፍተው ሦስቱንም የመስመር ካቮዎች በአንድ ቦታ ያሸጋግሩ፤ የዙሩ አቅጣጫ አይቀየርም። ከፍተኛው ከረንት ከመስመሩ ጋር አብሮ ከሄደ ችግሩ ከመብራቱ ነው። ከሞተሩ ፌዝ ጋር ከቀረ ከሞተሩ ነው።

ወደ ሜገሩ ልምጣ። መጀመሪያ «ቴስተሩ ከቦዲ ጋር ምንም አያነብም» የሚለውን ይርሱት። ቴስተር ኦም ላይ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው፤ 400 ቮልት የሚችል ኢንሱሌሽንን በዚያ መፈተን አይቻልም። ቀለም የተቀባ ቦዲ ላይ ከነኩት ደግሞ የለኩት ቀለሙን ነው። በሜገርም ቢሆን የቦዲውን ጫፍ ቀለም በተፋቀ ንጹሕ ብረት ወይም በአርዝ ብሎኑ ላይ ይያዙ።

2 እና 40 ሜጋ ኦም ለምን ተለያዩ? የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከሰዓት ሞተሩ ሞቋል፤ በሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንባቡ መውረድ ነበረበት። የእርስዎ ግን ሃያ እጥፍ ወጣ። እንዲህ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት እርጥበት ነበረ፣ ከሰዓት ተነነ። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያልበው ያውቃሉ። በደሴ ብርድ ያደረ ብረት በማለዳ ተጭኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ሲገባ እንዲሁ ያልበዋል፣ በተለይ በክረምት። እንግዲህ የደሴ ብርድ የኦሙ ጉዳይ ላይ ነጻ ቢወጣም የሜጋ ኦሙ ላይ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ንባቡ ላይ የሚጫወት ሌላም አለ፤ ጊዜው። ሜገሩን ይዘው 10 ሴኮንድ ላይ ያነበቡትና 60 ሴኮንድ ላይ ያነበቡት አንድ አይሆንም፤ ኢንሱሌሽኑ መጀመሪያ ከረንት ይጠጣል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይወጣል። ሁልጊዜ በትክክል 1 ደቂቃ ላይ ያንብቡ። በእጅ የሚዞር ከሆነ ሳያቋርጡ እኩል ያዙሩት። ለዚህ ሞተር 500 ቮልት ነው የሚመረጠው። ሦስቱን ፌዝ አንድ ላይ አስረው ይለኩ፤ ከማስነሻው ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክስ ካለ አስቀድመው ያላቅቁ፣ ሜገር ይገድለዋል። ከለኩ በኋላ ጥቅልሉን ከቦዲ ጋር አገናኝተው ያራግፉት፣ የተጠራቀመው ይመታል።

ስንት ይበቃል? አይ ትሪፕል ኢ 43 የተባለው መመዘኛ እንደዚህ ላለ ከ1 ኪሎ ቮልት በታች ለሆነ ሞተር ቢያንስ 5 ሜጋ ኦም ይላል፤ ግን ወደ 40 ዲግሪ ተመልሶ ሲሰላ ነው። የእርስዎ የከሰዓት 40፣ ሞተሩ 25 ዲግሪ ነበረ ብንል፣ ወደ 14 ሜጋ ኦም ይመለሳል፤ ያልፋል። የጠዋቱ 2 ግን ወደ 40 ዲግሪ ሲመለስ ከ1 በታች ነው፤ በዚያ ሁኔታ ማስነሳት አዲሱን ጥምጥም በራስ እጅ ማቃጠል ነው። ደግሞ 40ም አያረካኝም። አዲስ ተጠምጥሞ ቫርኒሹ በደንብ የበሰለ ሞተር እኔ ዘንድ መቶዎችን ነው የሚያሳየው። ቫርኒሹ ውስጡ ሳይደርቅ ተጣድፎ ወጥቶ ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ ሞተሩን ከፍተው፣ ሁለት ባለ 100 ዋት ክር ያላቸው አምፖሎች ውስጡ ወይም አጠገቡ አድርገው፣ እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ትተው በሸራ ሸፍነው አንድ ቀንና ሌሊት ያድርቁት። አምፖሉ ጥቅልሉንም ሸራውንም አይንካ፤ ሰው ሳይኖርም አይተዉት። ጥቅልሉ ከ80 ዲግሪ አይለፍ፤ ከሰል ምድጃ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፣ እርስዎ እንዳያደርጉት። በረድ ሲል በሜገር ለክተው ቁጥሩንና ሙቀቱን ይጻፉ፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይድገሙት። ጠዋት የሚወርድ ከሆነ እርጥበት አሁንም እየገባ ነው፤ ቫርኒሽ እንደገና ያስፈልገዋል። ከ100 በላይ ረግቶ ከቆየ የባትሪውን ልኬት ይሥሩ፣ ሦስቱ ቮልቶች እኩል ከሆኑ ባዶውን ያስነሱት፣ ከረንቱን ይዩ፣ ከዚያ ቀበቶ ያስገቡ።

ቮልቶቹ እኩል ካልሆኑ ወይም ሜገሩ አልረጋ ካለ ያኔ ወደ ደሴ ይውጡ። ሲሄዱ ግን ቴስተሩን ሳይሆን ባትሪውን፣ አምፖሉንና የጻፉትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ጠምጣሚው ፊት ዘርግተው አብራችሁ ለኩት። በሦስት ቮልት ንባብ ላይ ሁለት ሰው አይጣላም። ቴስተርዎን ደግሞ አዲስ ሽቦ ገዝተው ያቆዩት፤ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ፊውዝ መቃጠል አለመቃጠሉን፣ የኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ጥቅልል መበጠስ አለመበጠሱን ለማየት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።